ከከተማው በላይ፣ ከከተማው በታች

ርእሳችን ለእራት ሰዓት የሚመች አይደለም፤ የምናወራው ስለ ፍሳሽ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ ሰፊ ጥናት ታትሞ ወጣ። በ104 አገሮች ከሚገኙ 258 ወንዞች፣ ከ1,052 ቦታዎች ውኃ ተቀድቶ 61 የመድኃኒት ዓይነቶች ተፈልገውበታል። በአማካይ ከፍተኛው የመድኃኒት ክምችት የተገኘው በፓኪስታኗ ላሆር ነበር፤ ቀጥላ የቦሊቪያዋ ላፓዝ መጣች። ሦስተኛዋ አዲስ አበባ ናት፤ በአንድ ሊትር የወንዝ ውኃ 51.3 ማይክሮ ግራም።

ይህ ቁጥር ስለ ሁለት ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንደኛ፣ የሁሉም መድኃኒቶች ድምር ነው፤ የስኳር በሽታውም፣ የሚጥል በሽታውም፣ የሕመም ማስታገሻውም አብሮ ተደምሯል። ሁለተኛ፣ ውኃ ውስጥ መድኃኒት አለ ማለትና ውኃ ውስጥ መድኃኒት የማይበግረው ጀርም አለ ማለት ለየቅል ናቸው። መድኃኒቱ እየቀጠነ፣ በፀሐይና በአፈር እየተሰባበረ ይሄዳል። ጀርሙ ይራባል። እኔ ዛሬ የመጣሁት ስለ ሁለተኛው ለመናገር ነው፤ በተለይም እንዴት እንደሚለካ፣ ለምንስ መለካት እንዳለበት።

አንቲባዮቲክ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ አልደክምም። አሞክሳሲሊን፣ ሲፕሮ ወይም ባክትሪም ያልዋጠ ሰው በዚህ አዳራሽ ካለ እጁን ያውጣ። እንደጠበቅሁት ነው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1928 ነበር፤ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ መድኃኒቱን ከመጠን በታች የሚወስድ ሰው ጀርሙን ሳይገድል እንዲያው መድኃኒቱን ያስለምደዋል ሲል አስጠንቅቋል። እንግዲህ ሳይነገረን ቀርቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች የተነሣ እንደሞቱ ተገምቷል።

ባክቴሪያ መድኃኒትን የሚቋቋምበት መንገድ ብዙ ነው። አንዱ መድኃኒቱን የሚሰባብር ኢንዛይም ያመርታል፤ ሌላው የገባበትን መልሶ ወደ ውጭ ይተፋል፤ ሌላው ደግሞ መድኃኒቱ የሚያነጣጥርበትን የገላውን ክፍል ይለውጣል። ችሎታው በዘረ መሉ ላይ ተጽፎ ለልጆቹ ይተላለፋል፤ ልጆቹም አያልቁም፤ ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ከተመቸው በ20 ደቂቃ ለሁለት ይከፈላል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከውርሱ ይልቅ ጉርብትናው ነው። ከእነዚህ ዘረ መሎች ብዙዎቹ የሚቀመጡት ፕላዝሚድ በሚባል፣ ከዋናው ዘረ መል በተለየ ትንሽ ቀለበት ላይ ነው። ባክቴሪያው ይህን ቀለበት ገልብጦ ለጎረቤቱ ይሰጣል። እርሾ ያለቀባት ጎረቤት ከእናንተ ቤት እንደምትወስደው ማለት ነው፤ ለሰጪዋ አይጎድልባትም፣ ተቀባይዋም በማግስቱ ለሦስተኛዋ መስጠት ትችላለች። ተቀባዩ ባክቴሪያ የሌላ ዝርያ ቢሆንም ግድ የለም። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ሺጌላ በተባለው የተቅማጥ ጀርምና በኢ. ኮላይ መካከል የበርካታ መድኃኒቶች መቋቋሚያ በአንድ ጊዜ ሲተላለፍ አይተዋል።

አሁን አንድ የከተማ ቦይ በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉ። የሆስፒታሉ፣ የመኖሪያ ቤቱ፣ የቄራውና የዶሮ እርባታው ፍሳሽ እዚያው ይገናኛል። የሰው አንጀት ባክቴሪያ፣ የከብት አንጀት ባክቴሪያና የአፈር ባክቴሪያ አብረው ይከርማሉ። የዋጥነውም አንቲባዮቲክ ቢሆን ሁሉም ሰውነታችን ውስጥ አያልቅም፤ ከፊሉ እንዳለ በሽንትና በሰገራ ወጥቶ ይከተላቸዋል። ቀለበት ለመለዋወጥ ከዚህ የተሻለ ገበያ የለም።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ጀርሞች መድኃኒት መላመዳቸውን የምንከታተለው በአብዛኛው በሆስፒታል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ግላስ የተሰኘውን የክትትል ሥርዓት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ በአገራችንም የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በተመረጡ ላብራቶሪዎች ይከታተላል። ሥራው የግድ ያስፈልጋል። ሆኖም የሚቆጥረው ማንን እንደሆነ ልብ በሉ፤ ታሞ፣ ሆስፒታል ደርሶ፣ ሐኪሙ ካልቸር፣ ማለትም ጀርሙን አብቅሎ የመለየት ምርመራ፣ አዝዞለት፣ ላብራቶሪው ካልቸር መሥራት ችሎ፣ ውጤቱ መዝገብ ላይ የሰፈረለትን ሰው ነው። እያንዳንዱ በር ስንቱን ውጭ እንደሚያስቀር እናንተው ገምቱ። በዚያ ላይ ካልቸር ብዙውን ጊዜ የሚታዘዘው የመጀመሪያው መድኃኒት አልሠራ ሲል ነው፤ ስለዚህ መዝገቡ ላይ የሚታየው ችግር ኅብረተሰቡ ውስጥ ካለው ሊበልጥ ይችላል። ፍሳሽ ወረፋ አይጠብቅም፣ ካርድ አያወጣም። ጤነኛውም፣ በሽተኛውም፣ ያለ ማዘዣ ሦስት ፍሬ ካፕሱል ገዝቶ ሁለቱን ውጦ አንዱን ኪሱ ውስጥ የረሳውም ሽንት ቤት ይሄዳል።

ፍሳሽ ከሐኪም ቀድሞ ሊናገር እንደሚችል የፖሊዮ ክትትል አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. በ2013 በደቡብ እስራኤል፣ ራሃት በተባለችው ከተማና በአካባቢዋ፣ የፖሊዮ ቫይረስ ከፍሳሽ ናሙና ተገኘ። አንድም ሽባ የሆነ ሰው አልነበረም። አገሪቱ ሕፃናቱን በጠብታ ክትባት እንደገና ከተበች፤ አንድም ሰው ሽባ ሳይሆን ስርጭቱ ተገታ።

ስለ መድኃኒት መላመድ ከሚጠቀሱ የውኃ ጥናቶች ሁለቱን እነግራችኋለሁ፤ ሁለቱም ከሕንድ ናቸው፤ የሚያስተምሩት ግን የተለያየ ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 ሕንድ ቆይቶ ወደ ስዊድን የተመለሰ አንድ ታካሚ ካርባፔኔም የተባሉትን የመጨረሻ መጠባበቂያ አንቲባዮቲኮች የሚሰባብር ኢንዛይም ያለው ባክቴሪያ ተገኘበት። ኢንዛይሙ በኒው ደልሂ ስም ተሰየመ፤ ኤን.ዲ.ኤም.-1 ተባለ። ሕንድ በስያሜው ቅር ተሰኝታለች፤ አልፈርድባትም፤ እኔም ‹አዲስ አበባ-1› የሚባል ነገር በሕክምና መጽሔት ላይ ማንበብ አልፈልግም። የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲው ቲሞቲ ዋልሽና ባልደረቦቹ ዘረ መሉ በሆስፒታል ውስጥ ብቻ ይኖር እንደሆነ ጠየቁ። በ2010 ከደልሂ መንገዶች ዳር ካቆረና ከሚንቆረቆር ውኃ 171 ናሙና፣ ከቧንቧ ደግሞ 50 ናሙና ሰበሰቡ። ዘረ መሉ ከ171ዱ በ51ዱ፣ ከ50ው የቧንቧ ናሙና በ2ቱ ተገኘ። ለማነጻጸሪያ ከወሰዱት የካርዲፍ ከተማ ፍሳሽ በአንዱም አልተገኘም። የሆስፒታል ጉዳይ ተደርጎ ይታሰብ የነበረው፣ ልጆች የሚረግጡት ውኃ ውስጥ ነበር።

ሁለተኛው በሃይደራባድ አቅራቢያ ፓታንቼሩ በተባለ ቦታ የተሠራ ነው። የጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲው ዮአኪም ላርሾንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ነው። ወደ 90 የሚጠጉ የመድኃኒት ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን የሚልኩበት አንድ ማጣሪያ ነበር፤ ከማጣሪያው ተጣርቶ በወጣው ውኃ ውስጥ፣ በአንድ ሊትር እስከ 31 ሚሊ ግራም ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ያው ሲፕሮ የምንለው፣ ተገኘ። መድኃኒቱን በሚወስድ ታካሚ ደም ውስጥ ከሚገኘው ይበልጣል። ባክቴሪያዎች እንዲላመዱ የማይገፋፋ ተብሎ ላርሾንና ዮሐን ቤንግትሶን-ፓልመ በ2016 ያሰሉት የሲፕሮፍሎክሳሲን ጣሪያ በሊትር 0.064 ማይክሮ ግራም ነው። ስታካፍሉት ወደ 480,000 እጥፍ ይመጣል። በፋብሪካ በኩል የሚወጣውን አንቲባዮቲክ በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ያወጣው በ2024 ነው፤ በአሥራ ሰባት ዓመቱ።

እነዚህን ሁለት ታሪኮች አንድ አድርጎ መያዝ የተለመደ ስሕተት ነው። በፓታንቼሩ ውኃው ራሱ ማሠልጠኛ ሆኗል፤ መድኃኒቱ ውኃው ውስጥ ሆኖ የማይቋቋመውን እየገደለ የሚቋቋመውን ያነግሣል። በደልሂ መንገዶች ግን ውኃው ተሸካሚ ሊሆን ይችላል፤ ጀርሙ መድኃኒቱን የተላመደው ሰው ሆድ ውስጥ ነው፣ ከዚያ በሰገራ ወጣ። የቱ እንደሆነ መለየት ይቻላል? ይቻላል። በሰው አንጀት ባክቴሪያዎች ላይ የሚኖር ክራስፌጅ የሚባል ቫይረስ አለ፤ እርሱ ካለ የሰው ሰገራ አለ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 አንቲ ካርክማንና ባልደረቦቹ ከብዙ ቦታዎች የተሰበሰበ መረጃ አገላብጠው ሲያዩ፣ የመላመድ ዘረ መሎች ብዛት በአብዛኛው ከሰገራው መጠን ጋር አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል። ከዚህ ሥርዓት በግልጽ ያፈነገጡት የመድኃኒት ፋብሪካ ፍሳሽ የሚቀበሉ ቦታዎች ናቸው።

ለእኛ ይህ ትልቅ ትርጉም አለው። ወንዛችን ውስጥ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ተገኘ ሲባል አብዛኛው ሰው ምሥጢራዊ መርዝ የተደፋ ይመስለዋል። በእኔ ግምት የአዲስ አበባዎቹ የአቃቂ ወንዞች ታሪክ በዋነኛነት የሽንት ቤት ታሪክ ነው። ይህ ግምት ነው ብያለሁ፤ መለካት ያስፈለገውም ለዚሁ ነው። ግምቴ ግን ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዴንማርክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ቡድን በ60 አገሮች ከ79 ቦታዎች የፍሳሽ ናሙና ሰብስቦ ዘረ መሉን ሲያነብ፣ በአገሮች መካከል ያለው ልዩነት ከንጽሕና፣ ከጤናና ከኑሮ ሁኔታ ጋር በጥብቅ የተያያዘ ሆኖ አግኝቶታል።

‹ውኃ ውስጥ መኖሩ ሰውን ምን ያደርገዋል?› የሚል ሊኖር ይችላል። በእንግሊዝ አገር የኤክሲተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሕር ላይ በሰሌዳ ማዕበል የሚጋልቡ ሰዎችን ከማይጋልቡት ጋር አነጻጽረዋል። ጋላቢዎቹ የባሕር ውኃ ሳይወዱ በግድ ይውጣሉ። ሴፎታክሲም የተባለውን አንቲባዮቲክ የሚቋቋም ኢ. ኮላይ አንጀታቸው ውስጥ የተገኘባቸው ከጋላቢዎቹ 9 በመቶ፣ ከሌሎቹ 3 በመቶ ነበሩ። ይህ ፍሳሹን በሚያጣራ አገር የሆነ ነገር ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ከመካኒሳ እስከ ቃሊቲ በአቃቂ ወንዝ ዳር ሰላጣ፣ ጎመንና ቆስጣ በወንዙ ውኃ ይለማል፤ ጎመኑ ይቀቀላል፣ ሰላጣው አይቀቀልም።

ወደ አለካኩ ልግባ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ትራይሳይክል የሚባል መመሪያ አወጣ፤ ሰውን፣ የምግብ እንስሳትንና አካባቢን በአንድነት የሚመለከት ስለሆነ ባለ ሦስት ጎማ ማለቱ ነው። እንደ ጋና፣ ኢንዶኔዥያና ማዳጋስካር ባሉ አገሮች ተሞክሯል። የወደድኩለት ስስት ስለሌለበት ነው። መቶ ጀርምና መቶ መድኃኒት ልከታተል አይልም። አንድ ጀርም ይበቃኛል ይላል፤ ኢ. ኮላይ። አንድ የመድኃኒት ወገን ይበቃኛል ይላል፤ ሴፎታክሲም ያለበትን። ሴፎታክሲም በየሆስፒታላችን በመርፌ የሚሰጠው የሴፍትሪያክሶን ወንድም ነው፤ አንዱን የሚሰብር ኢንዛይም ሌላውንም አይምርም።

ናሙና ቀጂው ጓንት አድርጎ፣ በእንፋሎት የጸዳ ጠርሙስ ይዞ ወንዙ ዘንድ ይወርዳል። የጠርሙሱን አፍ ወደሚመጣው ውኃ አዙሮ፣ ከላይ ከተንሳፈፈው አረፋ ዝቅ አድርጎ ይሞላል፤ ከዳር ከቆመው ውኃ አይቀዳም፣ ደለሉንም አይነካም። ውኃው ከማጣሪያ የወጣና ክሎሪን የገባበት ከሆነ ጠርሙሱ ውስጥ አስቀድሞ ሶዲየም ታዮሰልፌት ይጨመራል፤ አለዚያ ክሎሪኑ መንገድ ላይ መግደሉን ይቀጥልና ላብራቶሪው የሌለ ንጽሕና ያነባል። ጠርሙሱ በበረዶ ሳጥን ይጓዛል። ሙቀት ላይ ከዋለ ባክቴሪያው እየተራባ፣ የሚቆጠረው የወንዙ መሆኑ ቀርቶ የቀለበት መንገዱ መጨናነቅ ይሆናል።

ላብራቶሪ ሲደርስ ፍሳሽ ከሆነ ደጋግሞ ይቀጠናል፤ በአንድ ጠብታ ውስጥ ያለው ለመቁጠር ይበዛልና። የወንዝ ውኃ ከሆነ ቀዳዳው 0.45 ማይክሮ ሜትር በሆነ ስስ ወረቀት መሰል ማጥለያ ውስጥ በቫኪዩም ፓምፕ ይሳባል፤ ውኃው ያልፋል፣ ባክቴሪያው ማጥለያው ላይ ይቀራል። ከዚያ እንደ ጄሊ የረጋ ምግብ በተዘጋጀባቸው ሁለት ሳህኖች ላይ ይደረጋል። አንደኛው ሳህን ምግብ ብቻ ነው። በሁለተኛው ላይ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 4 ማይክሮ ግራም ሴፎታክሲም ተጨምሮበታል። ሁለቱም ኢንኩቤተር ውስጥ ያድራሉ። በማግስቱ ጠዋት ሲከፈቱ ኢ. ኮላይ የበቀለበት ቦታ ሁሉ ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል፤ በጣት ይቆጠራል። በመጀመሪያው ሳህን 100፣ በሁለተኛው 10 ከበቀሉ ድርሻው 10 በመቶ ነው። ከሁለተኛው ሳህን ጥቂቶቹ ተለቅመው በእርግጥ ኢንዛይሙን የሚያመርቱ መሆናቸው መድኃኒት በተነከሩ ክብ ወረቀቶች ይረጋገጣል። በቃ። አንድ የጤና ላብራቶሪ ቴክኒሻን የማያውቀው ነገር እዚህ ውስጥ የለም።

ለምን ሁለት ሳህን? ብዛቱና ድርሻው የሚናገሩት የተለያየ ስለሆነ ነው። ሐምሌ ላይ አቃቂ ሲሞላ ዝናቡ ውኃውን ያቀጥነዋል፤ ያው ዝናብ ደግሞ የየሰፈሩን ሽንት ቤት ጠርጎ ያመጣል። ብዛቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሽቅብ ቁልቁል ሊል ይችላል። ድርሻው በዝናብ ብዙም አይደናገጥም። ብዛቱ ስንት ሰገራ ወንዙ ገባ የሚለውን፣ ድርሻው ደግሞ ያ ሰገራ የወጣበት ኅብረተሰብ ሆዱ ውስጥ ምን እንደያዘ ይነግረናል። ‹ወንዙ ውስጥ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ አገኘን› ብቻ የሚል ዘገባ ስታነቡ ከስንት ውስጥ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ካልተጻፈ ዜናው ገና ግማሽ ነው።

መመሪያው ናሙና የሚያስቀዳባቸው ቦታዎችም አራት ዓይነት ናቸው፤ ወንዙ ከተማው ሳይገባ፣ ከተማውን አልፎ ሲወጣ፣ የሰው ፍሳሽ የሚሰበሰብበት፣ እንስሳት የሚታረዱበት። ከበላይና ከበታች ማነጻጸር አዲስ ብልሃት አይደለም፤ ለእኛማ የቤታችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች በብዛት ሞተው አገኟቸው። ከዚያ የተነሣውን የእንዶድ ምርምር ዓለም አወቀው። መነሻው ግን በአንድ ወንዝ ላይ ሁለት ቦታ መቆምና ልዩነቱን ማየት ነበር።

በአዲስ አበባ ብንጀምረው ቦታዎቹን ለመምረጥ ብዙ መሰብሰብ አያስፈልግም። አንዱ ወንዞቹ ከእንጦጦና ከምዕራቡ ተራሮች ሥር ሳይርቁ ነው። ሁለተኛው ትንሹና ትልቁ አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ከመግባታቸው በፊት። ሦስተኛው የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ፣ መግቢያውም መውጫውም፤ መውጫው በመመሪያው ባይጠየቅም እኔ እጨምረዋለሁ፤ ማጣሪያ የባክቴሪያን ብዛት በእጅጉ ቢቀንስም ጨርሶ ለማጥፋት ያልተሠራ ስለሆነ ምን ያህል እንደሚያልፍ ማወቅ አለብን። አራተኛው ቄራ። ከአባ ሳሙኤል በታች ውኃው አዋሽን ይቀላቀላል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው፤ እርሻና ከብት እያጠጣ ሄዶ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ከተማችን የላከችው ሁሉ ባሕር ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህ ሁሉ ሳህን መቁጠር ያለፈበት ነው፣ የዘረ መል ንባብ መሣሪያ እንግዛ ይላሉ። መሣሪያውን አልጠላም። በሳህን ላይ የማይበቅለውንም ያያል፤ አዲስ ዘረ መል ብቅ ሲል የሚይዘው እርሱ ነው። ነገር ግን ኬሚካሉ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ፣ ሲበላሽ ጠጋኙ ከውጭ የሚመጣ መሣሪያ በዓመት አንዴ ከሚነግረኝ፣ ያው ቴክኒሻን ያው ድልድይ ሥር በየወሩ ቀድቶ የሚቆጥረውን እመርጣለሁ። የክትትል ዋጋው ድግግሞሹ ነው። ናሙናዎቹን ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ እናስቀምጥ፤ መሣሪያው ሲመጣ ወደ ኋላ ተመልሶ ያነባቸዋል።

ቁጥሩ ከወጣ በኋላስ ማን ያነበዋል? እዚህ ላይ ነው ብዙ ጥሩ ክትትል የሚሞተው፤ ውሃና ፍሳሽ የራሱን፣ ጤና ቢሮ የራሱን፣ ግብርና የራሱን መሳቢያ ይቆልፋል። አንድ ምሳሌ ልስጥ። በቃሊቲ መግቢያ ያለው ድርሻ ከቄራው ከበለጠ፣ ዋናው ጉዳያችን ያለ ማዘዣ መድኃኒት የሚሸጠውና የሚገዛው ሰው ነው። ቄራው ከበለጠ የእንስሳት መድኃኒት አሰጣጡን መመርመር አለብን። ሁለቱ ተቀራራቢ ሆነው ከከተማው በታች ያለው ወንዝ ከሁለቱም ከበለጠ ደግሞ፣ ያላየነው ምንጭ አለ ማለት ነው፤ ሆስፒታል ሊሆን ይችላል፣ ፋብሪካ ሊሆን ይችላል፤ ቦዩን ተከትሎ ሽቅብ እየቀዱ መውጣት ነው። ለአትክልት አምራቾቹም ‹ተነሡ› ከማለት በፊት ከየትኛው ቦታ፣ በየትኛው ወር ማጠጣት እንደሚሻል ልንነግራቸው እንችላለን፤ ዛሬ ግን ለዚያ የሚሆን ቁጥር በእጃችን የለም።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከኋላ ረድፍ እንጀምር።